የቆዳ ፋብሪካዎች ጽናትና የነጋዴው ድርሻ

አንድ ፋብሪካ ጸንቶ የሚኖረው ሕንፃው ስላማረ ወይም መኪናዎቹ አዲስ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የገዛውን ጥሬ ዕቃ ሳያባክን ሲሠራበት፥ ከጎረቤቶቹና ውሃ ከሚቀዳበት ወንዝ ጋር ተስማምቶ ሲኖር፥ ያልታሰበ ችግር በደረሰም ጊዜ ሥራውን ሳይፈታ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ሲያሰናዳ ነው። ይህ ጉዳይ ሥራ አስኪያጆችንና መሐንዲሶችን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ነጋዴዎች አያሌ ናቸው። ሆኖም ፋብሪካው በቆመ ዕለት ላኪው የገባውን ውል መፈጸም ያቅተዋል፤ አስመጪው በዱቤ የሰጠው ዕቃ ዋጋ ሳይከፈለው ይዘገያል፤ የባለሱቁም መደርደሪያ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የፋብሪካ ጽናት የንግድም ጽናት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህንን ለማስረዳት የቆዳ ፋብሪካ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በስስነቱና በጥንካሬው የታወቀ ስለሆነ ለእጅ ጓንት ሥራ በውጭ ገበያ ሲፈለግ የኖረ ነው። በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ አገር በሚላክበት ጊዜ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት የሚያዝ ሕግ ወጣ። የሕጉ አሳብ ቆዳው በጥሬው ከሚሸጥ ይልቅ በአገር ውስጥ ለፍቶና ተሠርቶ ከፍ ባለ ዋጋ እንዲሸጥ ነበር። ነገር ግን ቆዳው በአገር ውስጥ ሲለፋ በአገር ውስጥ የሚቀረው ትርፉ ብቻ አይደለም፤ በማልፋቱ ሥራ የቆሸሸው ውሃና ተረፈ ምርቱም አብሮ ይቀራል። ትርፉን ለማቆየት የሚሻ ሁሉ እንግዲህ ስለ ፍሳሹም ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ወደ ፋብሪካው የሚገባውና ከፋብሪካው የሚወጣው

በጨው የተጠበቀ 1 ቶን የከብት ቆዳ ወደ ፋብሪካ ቢገባ፥ ተሠርቶ የሚወጣው ያለቀለት ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጨው፥ ጠጉር፥ ሥጋ፥ ሞራና ቁርጥራጭ ሆኖ ይወገዳል። ለዚሁ ለ1 ቶን ቆዳ በተለመደው አሠራር ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈስሳል፤ ይኸውም 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሞልቶ የመገልበጥ ያህል ነው። ውሃውን በቆጣሪ እየለኩ፥ ቧንቧውን ከፍቶ ከመተው ይልቅ በተመጠነ ውሃ እያጠቡ፥ የመጨረሻውንም እጣቢ ለሚቀጥለው ቆዳ የመጀመሪያ እጥበት እያዋሉ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህንን መጠን ወደ 25 ሜትር ኩብና ከዚያም በታች ለማውረድ ችለዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የማያቋርጥ ቁጥጥር ነው።

ሥራው በየደረጃው ሲታይ ብክነቱ የሚጀምርበት ቦታ ይገለጻል። ቆዳው መጀመሪያ ጨውና ደሙ እንዲለቅ በውሃ ይዘፈዘፋል። በውሃ የሟሟ ጨው በተራ ማጣሪያ ሊወገድ አይችልም፤ ወደ ወንዝ ወርዶ ከታች ያለውን የመስኖ እርሻ ይጎዳል። ስለዚህ ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት በላዩ ያለውን ደረቅ ጨው ማራገፍ ይገባል። የተራገፈው ጨው ተሰብስቦ በደረቁ ከተያዘ ወንዙን አይደርስበትም።

ከዚህ በኋላ ቆዳው በኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ በሚባለው መድኃኒት ጠጉሩ እንዲለቅ ይደረጋል። በቆየው አሠራር ጠጉሩ እዚያው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፤ በዚህም ምክንያት ከፋብሪካው ከሚወጣው ፍሳሽ ሁሉ እጅግ የከፋው ይህ ይሆናል። በሌላው አሠራር ግን የመድኃኒቱ መጠንና ጊዜ ተመጥኖ ጠጉሩ ሳይሟሟ ከሥሩ ብቻ እንዲላቀቅ ይደረግና በወንፊት ይሰበሰባል። ፍሳሹም በጣም ስለሚቀል ለማጣሪያ የሚወጣው ወጪ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በቦይ ስለሚፈስሰው ክሮም

ጠጉሩና ሥጋው የጠራለት ቆዳ እንዳይበሰብስ አድርጎ የሚያለፋው መድኃኒት በብዙ ፋብሪካዎች የክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር በበርሜሉ ውስጥ ከተጨመረው ክሮም ቆዳው የሚጠጣው ከመቶ 60 እስከ 70 እጁን ነው። እንግዲህ 10 ኩንታል የክሮም ጨው የገዛ ፋብሪካ 3 ወይም 4 ኩንታሉን ከእጣቢው ጋር በቦይ ይሰድዳል ማለት ነው። ይህ ቆሻሻ ነው እየተባለ ቢጠራም፥ በእውነቱ ግን ዋጋ ተከፍሎበት፥ ቀረጥ ተቆርጦበት፥ ከወደብ እስከ ፋብሪካው ድረስ ተጭኖ የመጣ ሸቀጥ ነው።

ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ የሚያስረዳው የባንክ ቤት ሒሳብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ በቦይ ይፈስስ የነበረው ክሮም መጠኑ ሳይጨምር ዋጋው በብር ሲታሰብ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ብክነትን የማይቆጣጠር ፋብሪካ ከሩቅ በሚመጣ የገበያ ለውጥ ከሌሎቹ ይልቅ የሚናወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወንዝን መጠበቅና ገንዘብን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚመስሉት ሒሳቡ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው።

ክሮሙን ለማዳን ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቆዳው የበለጠ እንዲጠጣ ማድረግ ነው። የውሃውን መጠን በማሳነስ፥ በመጨረሻው ሰዓት ሙቀቱን ከፍ በማድረግ፥ አሲድነቱንም ቀስ በቀስ በመቀነስና ለዚሁ የተዘጋጁ ረዳት መድኃኒቶችን በመጨመር ቆዳው ከመቶ 90 እጅና ከዚያ በላይ የሆነውን ክሮም ሊወስድ ይችላል።

ሁለተኛው ያልተጠጣውን መልሶ መሰብሰብ ነው። ክሮም ያለበት እጣቢ ከሌላው ፍሳሽ ተለይቶ በጋን ይጠራቀማል፤ ጠጉርና የቆዳ ብናኝ እንዳይኖርበት በወንፊት ይጠራል። ከዚያም ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት ወይም ሌላ አሲድን የሚያበርድ መድኃኒት ሲጨመርበት ክሮሙ እንደ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ውሃ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ጭቃው ግን በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ማልፊያ ይሆናል። ይህንን ሥራ የሚይዝ ኬሚስት መኖር አለበት፤ መልሶ የተገኘው ክሮም በየጊዜው ካልተመረመረና ከአዲሱ ጋር በልክ ካልተደባለቀ የቆዳው ቀለም ሊለዋወጥ ይችላልና። ጋኑን ገዝቶ ባለሙያውን መንሣት እንግዲህ ትርፍ የለውም።

ገዢው አገር ስለሚጠይቀው ነገር

ላኪዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ደንብ አለ። ለማልፊያ የሚያገለግለው ክሮም ሦስት ይባላል። ይህ ክሮም ቆዳው ባልተስማማ አያያዝ ሲቆይ ክሮም ስድስት ወደሚባለው ጎጂ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ክሮም ስድስት የሰውን ገላ ያስቆጣል፥ ያሳክካልም። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቆዳ ውስጥ 3 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮም ስድስት የተገኘበት፥ ገላን የሚነካ የቆዳ ዕቃ በገበያው እንዳይሸጥ ከልክሏል።

የለውጡ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ቆዳውን ለማለስለስ የሚገባው ዘይት ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ሲሆን፥ አሲዱ በሚበርድበት ጊዜ መጠኑ ሲያልፍ፥ ያለቀለት ቆዳም በብርቱ ሙቀትና ብርሃን ሲቀመጥ ነው። መከላከያውም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ዘይቱን መርጦ መግዛት፥ በመጨረሻው ማልፊያ ጥቂት ከዕፅ የተገኘ ታኒን መጨመርና ዕቃው ከመጫኑ በፊት በላቦራቶሪ ማስመርመር። ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ከወደብ ተመልሶ ከሚመጣ ጭነት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ከመንግሥታት ደንብ ሌላ ገዢ ኩባንያዎች ራሳቸው የሚያቀርቡት ጥያቄም እየበዛ ሄዷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የተመሠረተው የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ማኅበር የቆዳ ፋብሪካዎችን የውሃና የኃይል አጠቃቀም፥ የመድኃኒት አያያዝና የፍሳሽ ማጣራት እያስመረመረ የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ደረጃ ይሰጣል። ታላላቅ የጫማና የቦርሳ ኩባንያዎች ይህንን ደረጃ ስለሚጠይቁ፥ ፍሳሹን ያላጣራ ፋብሪካ ቆዳው ያማረ ቢሆን እንኳ ከገበያው በር ሊመለስ ይችላል።

ቦዮችን ስለ መለየት

በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ከገንዘብም በላይ የሰው ሕይወት የሚያስጠፋ አንድ ስሕተት አለ። ሰልፋይድ ያለበት የኖራ ፍሳሽ አሲድ ካለበት ፍሳሽ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ሲጀምር እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ እየበዛ ሲሄድ ግን የማሽተትን ኃይል ስለሚያደነዝዝ፥ ሽታው ጠፋ ብሎ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሠራተኛ እዚያው ሊሞት ይችላል። እርሱን ለማውጣት ተከትሎት የሚገባውም እንዲሁ ይጠፋል። ስለዚህ የኖራው፥ የክሮሙና የተራው እጣቢ ቦይ ከመጀመሪያ ጀምሮ የተለያየ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሰልፋይዱ አየር እየተነፋበት ጉዳቱ እስኪጠፋ ድረስ ከአሲድ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ይህ መለያየት ለሁሉም ሥራ መሠረት ነው። ቦዮቹ ካልተለዩ ክሮሙን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም፤ ሥጋውና ሞራው ተለይቶ ለሙጫ ወይም ለባዮጋዝ ሊውል አይችልም፤ የማጣሪያውም ወጪ ይበዛል። እንደ ሞጆ ባሉ፥ የቆዳ ፋብሪካዎች በተሰበሰቡባቸው ቦታዎች ደግሞ እያንዳንዱ ክሮሙን በግቢው ካስቀረ በኋላ የቀረውን ፍሳሽ በጋራ ማጣሪያ ማጣራት ወጪን ያቀልላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደተባለው ነው።

በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ሥራ

ፋብሪካው ብክነትን ከቀነሰ በኋላም የሚቀር አደጋ አለ፤ እርሱም ሁሉንም ነገር ከአንድ ቦታ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ነገር ከሌላ የኢንዱስትሪ ዓይነት የተገኘ አንድ ምሳሌ በዓለም ታውቋል። ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም. በጃፓን አገር ካሪያ በተባለ ከተማ የሚገኝ የአይሲን ኩባንያ ፋብሪካ ተቃጠለ። ይህ ፋብሪካ ቶዮታ ለሚሠራቸው መኪናዎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አንድን አነስተኛ የፍሬን ዕቃ ብቻውን ያቀርብ ነበር። ቶዮታ ዕቃ በመጋዘን እንዳይከማች በሚያደርገው አሠራሩ ምክንያት የነበረው ክምችት የአንድ ቀን ሥራ እንኳ በቅጡ የሚያሠራ አልነበረም። በዚህ ምክንያት በጃፓን የነበሩት የቶዮታ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ቆሙ።

ነገር ግን ሥራው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመለሰ። ይህ የሆነው አይሲን የዕቃውን ንድፍ ለሌሎች ሳይሰስት ስለሰጠ፥ 60 ያህል ኩባንያዎችም ስለ ዋጋና ስለ ውል ሳይከራከሩ ዕቃውን በየመኪናቸው ለመሥራት ስለተነሡ ነው። ከእነርሱ መካከል የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው የብራዘር ኩባንያ ይገኝበት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። በአንድ አቅራቢ ብቻ መደገፍ አደገኛ ነው፤ በችግር ጊዜ የሚያድነው ግን ከችግሩ በፊት የተመሠረተ መተማመን ነው።

ገበያም እንደ አቅራቢ ሁሉ አንድ ብቻ ሲሆን ያሰጋል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ የልብስ ፋብሪካዎችን ሰብስቦ ነበር፤ ፍሳሹንም አጣርቶ መልሶ በሥራ ላይ የሚያውል መሣሪያ ተተክሎለታል። ከዚያ ይላክ የነበረው ልብስ አብዛኛው ግን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመግባት በሚያስችለው፥ አጎአ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ጥቅም በወጣች ጊዜ አንዳንድ ኩባንያዎች ፓርኩን ለቀው ሄዱ፤ ብዙ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። ውሃውን በሚገባ ያጣራ ፋብሪካ እንኳ ገበያው አንድ ብቻ ከሆነ እንደሚናወጥ ከዚህ ይታወቃል።

ነጋዴው ምን ሊረዳ ይችላል?

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ነውና እርዳታው ከጥሬ ቆዳ ነጋዴው ይጀምራል። በዕርድ ጊዜ በቢላዋ የተቀደደ፥ ጨው ሳይነካው የዋለ፥ በውጭ ተባይ የተበላ ቆዳ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፥ ውሃውንና መድኃኒቱን እንደ ጥሩው ቆዳ ሁሉ ይበላል፤ ሲወጣ ግን የረባ ዋጋ አያወጣም። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ በመውደቁ በበዓል ማግስት ሌጦ በየመንገዱ ተጥሎ ታይቷል። ቆዳ ሰብሳቢው ሁሉንም በአንድ ዋጋ ከሚገዛ ይልቅ በደረጃ ለይቶ፥ ለጥሩው ጥሩ ዋጋ ቢከፍል፥ አራጁ ቢላዋውን ይጠነቀቃል፤ ባለቤቱም ሌጦውን ሳይጥል በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጨው ያሽለዋል።

መድኃኒት አስመጪው ደግሞ የየዕቃውን የጥንቃቄ መግለጫ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ አስተርጉሞ ቢያቀርብ፥ ከአንድ አገር ብቻ ከማምጣት ይልቅ ሁለተኛ አቅራቢ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ፥ ፋብሪካዎችም ትእዛዛቸውን አስተባብረው በአንድነት ቢገዙ፥ የመርከብ መዘግየትም ሆነ የምንዛሪ እጥረት ሥራን አያስፈታም። ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ የመጠባበቂያ ክምችትም እንደ ሙት ገንዘብ መቆጠር የለበትም።

ላኪው የገዢውን ጥያቄ ጭነቱ ከተዘጋጀ በኋላ ሳይሆን ቆዳው በርሜል ከመግባቱ በፊት ለፋብሪካው ማሳወቅ አለበት። ገዢውን በአንድ አገር ሳይወስን ሁለትና ሦስት ገበያ መፈለግም የእርሱ ፋንታ ነው። ባለሱቁ የቆዳ ዕቃውን ፀሐይ በሚያቃጥለው መስኮት ባያስቀምጥ፥ በሽያጩ የሚፈለገውን ዓይነት ለጫማ ፋብሪካው በጊዜ ቢያሳውቅ፥ የገዛበትንም ዋጋ በቀጠሮው ቀን ቢከፍል ትልቅ እርዳታ አደረገ ማለት ነው። ገንዘቡ በዱቤ የታሰረበት ፋብሪካ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቋርጠው የማጣሪያውን ሥራ ነውና።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚሆነው አንድ ቀላል ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በወሩ መጨረሻ ምን ያህል ውሃ፥ ጨውና ክሮም እንደ ገዛና ምን ያህሉ በቆዳው ውስጥ እንደ ቀረ በአንድ መዝገብ ጽፎ፥ ልዩነቱን በብር ያስላ። ከእርሱ ጋር የሚነግዱትም ይህንን መዝገብ ለማየት ይጠይቁ። በቦይ የሚሄደው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በቁጥር ከታወቀ በኋላ ቦዩን ለመዝጋት የሚከራከር ብዙ ሰው አይገኝም።